ፊቱን ወደ መንገድ

የዘሀራን ሞት የሰማሁት ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ ስለ መስታወት ሲወራ ነው።

በአንድ ከተማ ዋና መንገድ ዳር ባለ ብዙ ፎቅ የሕፃናት ሆስፒታል ሊሠራ ታስቧል። የከተማውን ስም አልጠራም፤ በዚህ ዕድሜዬ ጠብ አልፈልግም። ዘመኔን በሕንፃ ንድፍ ሥራ ስለፈጀሁ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎም ይዩልን» ተብዬ ከአማካሪዎቹ ተደምሬአለሁ። ዮናስ የሚባል ትሁት ወጣት አርክቴክት የሕንፃውን ፊት ግድግዳው ላይ በብርሃን እያሳየን ነበር። እነሱ ፋሳድ ይሉታል። ከታች እስከ ላይ ሰማያዊ መስታወት ነው።

«ከውጭ ወደ ውስጥ ምንም አይታይም» አለ ዮናስ። «መንገድ ላይ ያለ ሰው የሚያየው ሰማዩን ነው። ልጆቹ በክብር ይታከማሉ።»

ሁሉም ደስ አላቸው። እኔም ያምራል እያልኩ ነበር፣ ስልኬ እስኪጮህ ድረስ። የደወለችው ከቆቦ ራህማ ናት፣ የዘሀራ ልጅ። «ጋሼ መምህር» አለችኝ፣ «እማ ወደ አኼራ ሄደች።»

በረንዳ ወጥቼ አለቀስኩ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ሰው ስለሚሸሽ ማንም አልመጣብኝም። ተመልሼ ስገባ ዮናስ አስተያየት እንዳለኝ ጠየቀኝ።

«ይሄ ሕንፃ ፊት የለውም» አልኩት።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔም ደነገጥኩ፤ ንግግሩም ድምፁም የዘሀራ ነበር። እሷ ናት እንዲህ አፍ አውጥታ ሰው የምታስደነግጥ።

ቆቦ የሄድኩት ወደ ሕንፃ ንድፍ ከመግባቴ በፊት፣ የእጅ ሥራና የሥዕል መምህር ሆኜ ተመድቤ ነው፣ ድርቁ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በንጉሡ መጨረሻ ዓመታት። ዘሀራ ከከተማው መውጫ፣ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር የሹፌሮች ምግብ ቤት ነበራት። ረጅም ሴት ናት። በቀሚሷ ላይ የሟች ባሏን ኮት ትደርባለች። ስትስቅ የወርቅ ጥርሷ እንዲታይላት አፏን ወደ አንድ ጎን ጠመም ታደርጋለች። ዕድሜዋ ከኔ ስለሚበልጥ የመጀመሪያ ቀን «አንቱ» አልኳት።

«አንቱ ስትለኝ የከፈንከኝ ይመስለኛል» አለችኝ። «አንቺ በለኝ። እቴ ዘሀራ በለኝና ቁጭ ብለህ ብላ።»

ጻድቅ ነበረች ብዬ አላጋንንም። ሹፌሮቹ ሻይ ደጋግመው እንዲያዙ ወጡ ላይ ሆን ብላ ጨው ታበዛ ነበር። በረንዳዋ ላይ ሰው ሲቆም «ወግድ! መንገዱን አትከልልብኝ!» እያለች ታባርራለች። ቀኑን ሙሉ ከጣውላ ሳጥን ላይ ተቀምጣ መንገዱን ስታይ ነው የምትውለው። ከጎብዬ በኩል የሚመጣውን መኪና ገና ሳይታይ በክላክሱ ለይታ «ገብሩ ነው፣ ወጥ አሙቁ!» ትላለች። ተሳስታ ከተገኘች ሹፌሩን ትሰድባለች፣ ክላክስህን ለምን ቀየርክ ብላ።

ከምግብ ቤቱ ጎን ድሮ መኪና የሚታደስበት ረጅም የድንጋይ አዳራሽ ነበራት። በሩ ወደ ጓሮው ነው። ለመንገዱ የሰጠው ጀርባውን ነው፣ ቀዳዳ የሌለው ድፍን ግንብ።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚያው ሆነ። ከብቱ አለቀ፣ ቀጥሎ ሰው መውደቅ ጀመረ።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። በራያ ቆላ ረሃብ ገመና ነበር። የተቸገረ ሰው በሩን ዘግቶ ይቀመጣል እንጂ ጎረቤት አያስነቃም። ብሶበት ወደ ከተማ የወረደውም በመጀመሪያው ሰሞን መንገድ ዳር አይታይም ነበር፤ ከቤቶች ጀርባ ነው የሚሰበሰበው። እናቶች ልጆቻቸውን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ ሳይ ልጆቹ አጥፍተው የተቀጡ መስሎኝ ነበር። ለካ ያ የረሃብ ፊት በሰው እንዳይታይ ነው።

ዘሀራ አንድ ጠዋት ከማድ ቤቷ ጀርባ አንዲት ሴት አገኘች። መዲና ትባላለች፣ ከዞብል የወረደች ናት። ልጇን ሰይድን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አለቻት ዘሀራ፣ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ።

«ምንም፣ የኔ እህት። ጥላ ፍለጋ ነው።»

ልጁ ግድግዳውን ይልስ ነበር። የማድ ቤት ግድግዳ ስለሆነ የወጥ ሽታ አለው። ዘሀራ ቁልፍ ይዛ ሄዳ አዳራሹን ከፈተች።

በጥቂት ጊዜ ውስጥ አዳራሹ ሕፃናት በያዙ እናቶችና እናት በሌላቸው ሕፃናት ሞላ። ከጤና ጣቢያው አንድ ድሬሰር እየመጣ ያያቸው ነበር፤ ያገኘውን የዱቄት ወተት ያመጣል፣ ያልቃል፣ ራሱን ይዞ ይቀመጣል። የዘሀራ እህል አጥሚት እየሆነ አለቀ። እህል የጫኑ መኪኖች ግን ከአዳራሹ ጎን እየተግተለተሉ ያልፋሉ። የሚቆም የለም። ምን አይቶ ይቁም? የሚታየው ግንብ ነው።

ትምህርት ቤት ድረስ መጣችብኝ። «አንተ ሥዕል አዋቂ ነህ አይደል? ለዚያ አዳራሽ ፊት ሥራለት።»

እኔም ደስ ብሎኝ ንድፍ አወጣሁ። ትንንሽ መስኮቶች፣ ከፍ ብለው የተሰደሩ፣ ሥርዓት ያላቸው። ወረቀቱን አየችው፣ ገለበጠችው፣ እንደገና አየችው።

«ይሄ ወህኒ ቤት ነው።»

«እቴ ዘሀራ፣ ልጆቹን መንገደኛ ሁሉ እንዳያያቸው ብዬ እኮ ነው።»

«ና ተከተለኝ» አለችኝ።

የሽሬው ልጅ ገብሩ ኤንትሬ የጭነት መኪናውን በረንዳው ፊት አቁሞ ምሳውን ይበላ ነበር። እጁን እንኳ ሳይታጠብ አስነሳችው። እኔን ጋቢና ውስጥ ከተተችኝና እሷ በሩ ላይ ተንጠልጥላ በአዳራሹ ፊት እንዲያልፍ አደረገችው።

«ምን አየህ?» አለችኝ።

«ግንብ።»

«አንተስ ገብሩ?»

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ወጥሽን ነው የማስበው» አለ።

አልሳቀችም። «ልጅ እንድታዩ ነው የምፈልገው» አለች። «ስታልፉ ዓይናችሁ ልጅ ላይ ማረፍ አለበት። ዓይን ለዓይን። ያኔ የሚያልፍ ይለፍ፤ እኔም የሚያልፈውን ልወቀው።»

መንገዱ ከመሬቱ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፣ የኤንትሬ ጋቢና ደግሞ ከመንገዱም ከፍ ይላል። እንግዲህ ግንቡን በሰፊው ከፍቶ ልጆቹን ከውስጥ ከፍ ማድረግ ነው። ግንቡ ከዳር እስከ ዳር በሰፊው እንዲከፈት፣ በውስጡ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ መደብ እንዲሠራ ነደፍኩ። በሕይወቴ ብዙ ፎቅ ነድፌአለሁ። የመጀመሪያው ፎቄ ያ መደብ ነው።

የመኪና ረዳቶቹና ጉልበት የቀራቸው አባቶች ተጋግዘው ግንቡን አፈረሱ። ዘሀራ ስለ ግንባታ ምንም አታውቅም ነበር፣ ትእዛዙ ግን የሷ ነው። ጣሪያውን እንዲሸከም መሐል ላይ የተውኩትን ዓምድ «ይከልላል» ብላ አስነቀለችው። ጣሪያው ተንቋቋና ወደ እኛ ጎበጠ። ገብሩ ክሪኩን ይዞ ባይሮጥ፣ እኔም ግንድ ባላስደግፍ ኖሮ ይደረመስብን ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ።

«ነገርኩሽ እኮ!»

«ጮክ ብለህ አልነገርከኝም።»

በማግስቱ ሼህ ሙህዬ መጡ። የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚከበር። ራሳቸው ከከሱ ሰንብተዋል፣ ኩታቸው ግን ነጭ ነው። የተከፈተውን ግንብ አይተው በዱላቸው መሬቱን መቱ።

«አንቺ ዘሀራ፣ አላህን ፍሪ! የራያ ልጅ ለመንገደኛ ዓይን ይሰጣል? ገመናችንን እኮ ነው አደባባይ የምታወጪው።»

«ገመናው የማን ነው ሼሁ?» አለች። ስትናደድ ድምጿ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። «ዝናቡ የአላህ ነው፣ በሱ ቃል የለኝም። ጎተራውን የቆለፈው ግን ሰው ነው። እህል ጭኖ አይቶ እንዳላየ የሚያልፈውም ሰው ነው። እነዚህ ልጆች ምን አጠፉ? ታዲያ ማን ሊያፍር ነው?»

ሼሁ ኩታቸውን ሰብስበው ሄዱ።

የከፋው ግን ከእናቶቹ መጣ። መደቡ አልቆ ልጆቹ ሲቀመጡ ሁሉም ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጡ። እናቶቹ አንድ በአንድ አዞሯቸው። መኪኖች አለፉ። ከመንገዱ የሚታየው ረድፍ ጀርባ ነበር። ዘሀራ ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ፣ አልጮኸችም። ምግብ ቤት ገብታ ልጇን ራህማን ይዛ ወጣች። ራህማ ያኔ ትንሽ ናት፣ ጉንጯ የሞላ፣ አዲስ ቀሚስ የለበሰች። መደቡ ላይ ከሰይድ ጎን አስቀመጠቻትና ከዚያው ከቀጭኑ አጥሚት ሰጠቻት። እሷም ከአጠገቧ ተቀምጣ ጠጣች።

«ወደ መንገዱ እይ ራህማ።»

«ምን አያለሁ እማ?»

«ሹፌሮቹን። እጅሽን አውለብልቢላቸው።»

መዲና ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች፣ ተነሥታም ሰይድን በሁለት እጇ አቅፋ አዞረችው። ሌሎቹም ተከተሏት። እኔ እዚያ ቆሜ ነበር፣ ያ ረድፍ ሲዞር አይቻለሁ። ሕንፃ ፊት አለው ሲባል ለኔ ትርጉሙ ይህ ነው።

መጀመሪያ የቆመው ከጎብዬ በኩል የመጣ፣ የማናውቀው ሹፌር ነው። ትንሽ አልፎን ሄደ፣ ፍሬን ያዘ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ። ወርዶ ለማንም ሰላም ሳይል ሸራውን ገልጦ ጆንያ ማሽላ በትከሻው አወረደ። «ባለቤቱ ከጠየቀኝ እዚህ አምጥቼ አሳየዋለሁ» አለና ሄደ። ከዚያ በኋላ ወሬው በሹፌር አፍ ከደሴ እስከ መቀሌ ዞረ። አንዱ እህል ያወርዳል፣ አንዱ ወተት ይዞ ይመጣል፣ አንዱ የታመመ ልጅና እናት ጋቢናው ውስጥ ጭኖ ወደ ወልድያ ያደርሳል። ሁሉም አልቆሙም። የማይቆሙትን ዘሀራ ከሳጥኗ ላይ ተነሥታ በስማቸው ትሰድባቸዋለች።

እንዲህ እያለን «ከበላይ ታዝዤ ነው» የሚል አንድ ሰውዬ ቆርቆሮና አናጺ ይዞ መጣ። ትልልቅ እንግዶች በዚህ መንገድ ያልፋሉ፤ ይህ ነገር ለዓይን አያምርም፤ ይሸፈን አለ።

«እሺ ጌታው» አለች ዘሀራ።

እኔ ከጩኸቷ ይልቅ ያ እሺታዋ አስፈራኝ። ለአናጺዎቹ ሻይ አቀረበች። ሚስማር ሲያጣምሙ «ቀጥ አድርገህ ምታው እንጂ፣ እንግዳ እኮ ነው የሚመጣው!» እያለች ትቆጣጠራቸው ነበር። የአዳራሹ ፊት ተመልሶ ግንብ ሆነ፤ ልዩነቱ የሚያብረቀርቅ መሆኑ ብቻ ነው።

እንግዶቹ በሚያልፉበት ቀን ጠዋት ከትምህርት ቤት ስመጣ በረንዳዋ ላይ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። የምግብ ቤቱ ጠረጴዛዎች በሙሉ ወጥተው በመንገዱ ዳር ተሰልፈዋል። ለዒድ ብቻ የምታወጣቸው የጠረጴዛ ልብሶች ተነጥፈዋል። ልጆቹ ታጥበው፣ በየወንበሩ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አጥሚት በብርጭቆ ቀርቦላቸው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰይድ መቀመጥ ስላልቻለ መዲና ታቅፈዋለች። ሼህ ሙህዬም ዱላቸውን ይዘው ከዳር ቆመዋል።

«ለኔስ ወንበር አለሽ?» አሏት።

«ለሼሁ ወንበር አምጡ!» አለች ዘሀራ፣ አጥሚቱንም በብርጭቆ ራሷ አቀረበችላቸው።

ሰውዬው እየሮጠ መጣ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ምግብ ቤት ነው ጌታው።»

«ልጆቹን ነው የምልሽ!»

«ደንበኞቼ ናቸው። ፊቱን ሸፍኚ አልከኝ፣ ይኸው ተሸፍኗል፤ ሚስማሩንም ቀጥ አድርጌ ነው ያስመታሁት። ደንበኛ አታስተናግጂ የሚል ትእዛዝ ካለህ አሳየኝ።»

«ሼህ፣ እርስዎ እንኳን…» አለ ሰውዬው።

«እኔም ደንበኛ ነኝ» አሉ ሼህ ሙህዬ፣ ብርጭቆአቸውን አንሥተው።

ሰውዬው ሌላ ቃል ሳያወጣ መኪኖቹ ደረሱ። ጥቋቁር፣ የተወለወሉ፣ መስኮታቸው የተዘጋ መኪኖች ናቸው። ራህማ እጇን አውለበለበች፣ ሌሎቹም ልጆች እሷን አይተው አውለበለቡ። በመስኮቶቹ መስታወት ላይ ያየሁት የራሳችንን መልክ ነው፤ ጠረጴዛዎቹ፣ ልጆቹ፣ ነጩ ኩታ እየተንሸራተቱ አለፉ። አንድም መኪና አልቆመም። አቧራቸው አጥሚቱ ላይ አረፈ።

ልቤ ተሰበረ። «አልቆሙም» አልኳት።

«አይተዋል» አለች ዘሀራ።

«አልቆሙም እኮ ነው የምልሽ፣ እቴ ዘሀራ!»

«አይተዋል አልኩህ። ከእንግዲህ አላየንም ማለት አይችሉም። ወላሂ አይችሉም!» ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ ዞራ «አጥሚቱን ቀይሩላቸው፣ አቧራ ገብቶበታል» ብላ ጮኸች።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሶች ወሰዷት። ኮቷን ደርባ፣ ወርቅ ጥርሷን እያሳየች ነው የሄደችው። ታስራ በሰነበተችበት ጊዜ ገብሩና ሌሎች ሹፌሮች ቆርቆሮውን ነቅለው ለመደቡ ፀሐይ መከላከያ ዳስ ሠሩበት። ስትፈታ መጀመሪያ የጠየቀችው ሚስማሮቹን ማን እንደወሰዳቸው ነው።

በእነዚያ ወንበሮች ላይ ከተቀመጡት ልጆች ብዙዎቹን ቀብረናል። ሰይድንም። ይህን ስጽፍ ዛሬም እናደዳለሁ። መዲና ልጇን ከቀበረች በኋላ ትሄዳለች ብለን ነበር። አልሄደችም። እናት የሌላትን አንዲት ሕፃን አቅፋ በሰይድ ቦታ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ። ያቺ ሕፃን ዛሬ የልጅ ልጆች አሏት።

ይህን ሁሉ ለስብሰባው ነገርኩ። ሰብሳቢው በትዕግሥት ሰማኝና «ያ የችግር ጊዜ ነው ጋሼ፣ ይሄኛው ዘመናዊ ሆስፒታል ነው» አለኝ። ዮናስ ግን ቁም ነገር አነሣ፣ አልዋሽም። «የታካሚ ገመናስ?» አለ።

ሼህ ሙህዬ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። «ልጁ ልብሱን አውልቆ የሚመረመርበትን ድፈነው፣ ጡቡን እኔ አቀብልሃለሁ» አልኩት። «ግን ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲመረመር አይውልም። መኪና ማየት ያምረዋል። የሚያልፈውም ሰው እዚህ ውስጥ ልጅ መኖሩን ይወቅ። ታሞ መተኛት ነውር ነው እንዴ? ታዲያ ማን ሊያፍር ነው?» ሰብሳቢው ንድፉን እንድንፈርምበት ሲያቀርብ አልፈርምም ብዬ ወጣሁ።

ለለቅሶው ወደ ቆቦ ያደረሰኝ ዮናስ ነው፤ ራሱ በመኪናው እወስድዎታለሁ አለኝ። ራህማ እንደ እናቷ አንገቴን አንቃ ተቀበለችኝ። በመጨረሻው ቀን ዘሀራ ከአልጋው አውጡኝ ብላ ስላስቸገረች በረንዳው ላይ አንጥፈው አስተኟት። ቆቦ ላይ ቂብላው፣ የመካ አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን ነው፣ የዋጃም መንገድ እንደዚያው። «ወደ ቂብላ ስናዞራት መንገዱን አየች» አለችኝ ራህማ። «አንድ መኪና ክላክስ ሲያደርግ የማን እንደሆነ ልትነግረን አፏን ከፈተች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።»

አዳራሹ ዛሬ ጎሚስታ ነው። ጎማ ተደራርቦበታል፣ መደቡ ግን አልተነካም። ዮናስን «ቁጭ በል» አልኩት። ንጹሕ ሱሪውን አይቶ አመነታ፣ ከዚያ ተቀመጠ። እኔም ከአጠገቡ ተቀመጥኩ። ከጎብዬ በኩል አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መጣ። ሹፌሩ ዞር ብሎ ከጋቢናው ዮናስን ዓይን ለዓይን አየው፣ በእጁ ሰላም ብሎት አለፈ።

ዮናስ መኪናው እስኪሰወር ድረስ በዓይኑ ተከተለው።

«አየኝ እኮ» አለ በመጨረሻ።

ወገቤን አሞኝ ስለነበር እንሂድ ብዬ ልነሣ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ቆዩ ጋሼ» አለኝ፣ «ሌላ እየመጣ ነው።»